እመት ሙቀትና ነጩ ዱቄት

ታናሽ እህቷ የፋብሪካው የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆና የተቀጠረች ዕለት እመት ሙቀትን የሚችላት አልነበረም። ከመክተፊያ ክፍሉ እስከ ማድረቂያው፣ ከበሩ ጥበቃ እስከ መጋዘን ኃላፊው ያላወራችለት ሰው አልቀረም። «ያቺ እኔ ያሳደግኳት እኮ ናት» ትላለች። «እናታችን ስትሞት ስድስት ዓመቷ ነበር። ፀጉሯን እየጎነጎንኩ ነው ማባዛት ያስጠናኋት። ጡት አላጠባኋትም እንጂ ልጄ ናት።»

እመት ሙቀት የወጣላት ቅጽል ስም ነው፤ ያወጣላትም ሠራተኛው ነው። ፋብሪካው አልፋልፋ ከሚባለው የከብት መኖ ፕሮቲን የሚያወጣ ነው። ጠዋት የታጨደው ለምለም መኖ በትራክተር ይመጣል፣ ይከተፋል፣ ይጨመቃል። ተጨምቆ የሚቀረውን ቃጫ ከብት አርቢዎች ይወስዱታል። አረንጓዴው ጭማቂ ግን ትልቅ በርሜል ውስጥ ገብቶ በእንፋሎት ይሞቃል፤ ሙቀቱ ሲበቃው እንደ ተበላሸ ወተት ይቋጥርና ፕሮቲኑ ከውሃው ይለያል። ግግሩ ተጠልሎ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ የዶሮ መኖ ይሆናል።

እሷ ከዚያ በርሜል አጠገብ አሥራ አራት ዓመት ቆማለች። ቴርሞሜትሩን የምታየው ለደንቡ ያህል ነው፤ ሙቀቱን የምታውቀው በጆሮዋ ነበር። በርሜሉ መጀመሪያ ያንጎራጉራል፣ ስልሳን ሲያልፍ ያጉረመርማል፣ ሰማንያን አልፎ ሲሄድ ዝም ይላል። አንድ ጊዜ ቴርሞሜትሩ ተሰብሮ ሌላ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ያለሱ ሠርታ አንድም ግግር አልተበላሸባትም። ቅጽል ስሙም የወጣላት ያኔ ነው።

ታናሺቱ፣ ቤት ውስጥ ሚጡ ነው የምትባለው፣ የመጀመሪያውን ወር ከእህቷ ጎን ንቅንቅ አላለችም። ነጭ ጋዋኗን ለብሳ በርሜሉ ጥግ ትቆምና ትጠይቃለች።

«እትዬ፣ እንፋሎቱ መሃል ላይ ቢቋረጥስ?» አለቻት አንድ ቀን።

«እሱማ ሆኖ ያውቃል። እንፋሎት የሚሰጠን ቦይለር ጠፍቶብን። ስልሳ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ነበር። አረንጓዴው ሁሉ ቁልቁል ወርዶ ተኛ፣ ላይ የቀረው ውሃ እንደ ሻይ ጥርት አለ። እኔ ደግሞ ሥራ ፈት፣ ውሃውን ቀዳሁና ለብቻው አፈላሁት። ምን ቢወጣው ጥሩ ነው? ነጭ። የእንቁላል ነጭ የመሰለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አለቃው ተቆጣኝ፣ ደፋሁት። ለዶሮ ነጭ ሆነ አረንጓዴ ምን ገዷት።»

ሁለቱም ሳቁ። በርሜሉም ማጉረምረም ጀምሮ ነበርና ወሬው እዚያው ቀረ።

አምስት ወር አለፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሁሉ መጋዘን ውስጥ ሰበሰበ። በእጁ የያዘው የመስታወት ዕቃ ውስጥ ነጭ፣ የላመ ዱቄት አለ። «አረንጓዴው ዱቄታችን ይመራል፣ ሣር ሣር ይሸታል፣ ከዶሮ በቀር የሚበላው የለም» አለ። «ይሄን ግን ቅመሱት።» ዱቄቱ ከእጅ እጅ ዞረ። አይመርም፣ አይሸትም። ከዚያ አሠራሩን አስረዳ። ጭማቂው በመጀመሪያው በርሜል እስከ አምሳ ስምንት ዲግሪ ብቻ ይሞቅና አረንጓዴው እንዲወርድ ይደረጋል፤ ጥርት ያለው ውሃ ተጠልሎ ወደ ሁለተኛው በርሜል ይገባና ከሰማንያ በላይ ሲሞቅ ነጩ ፕሮቲን ይወጣል። «የብስኩት ፋብሪካ ሰዎች ሊያዩት ይመጣሉ። ይሄ ሁሉ የላቦራቶሪ ባለሙያችን ልፋት ነው፤ አጨብጭቡላት።»

ሰው አጨበጨበ። እመት ሙቀትም አጨበጨበች። መዳፎቿ እየተጋጩ ሳለ ግን ዓይኗ የመስታወት ዕቃው ላይ ቀረ፤ ይሄን ነጭ ታውቀዋለች። ሚጡ በሰው መካከል ፈልጋ ስታገኛት ፈገግ አለችላት፤ እሷም ጥርሷን አሳየች።

ማታ ራት ላይ ቀስ ብላ ነገሩን አነሳችው። ሦስቱም በአንድ ገበታ ነው የሚበሉት፤ እሷ፣ ሚጡና ትራክተር ነጂው ባሏ። «ያኔ የነገርኩሽ ነገር ለቁም ነገር በቃ ማለት ነው» አለቻት።

«ምኑ?»

«ነጩ ነዋ። ቦይለሩ የጠፋ ጊዜ ያልኩሽ።»

ሚጡ የእውነት ግራ ገባት። «ይሄ እኮ በየመጽሐፉ ያለ ነገር ነው፣ እትዬ። እኔ ሙቀቱን ከኛ አልፋልፋ ጋር ነው ያስማማሁት። መቶ ሃያ ጊዜ ነው የሞከርኩት።»

«ልጅቷ ጭንቅላት አላት» አለ ባሏ ጉርሻውን እያላመጠ። «ከዘራችሁ በማን እንደወጣች እንጃ።»

ቀልዱ ነበር። እመት ሙቀት ግን ያነሳችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። አሥራ አራት ዓመት ከሥራ ስትመለስ ይሄ ሰው «ዛሬ በርሜልሽ እንዴት ዋለ?» ብሏት አያውቅም። ሚጡን ግን በየቀኑ ይጠይቃል። አልፎ ተርፎ፣ ከወንዙ ዳር ያለውን ገና ያላበበ ለጋ አልፋልፋ ለይቶ እያጨደ መጀመሪያ ላቦራቶሪው በር ላይ የሚያራግፈው እሱ ነው። የመክተፊያ ክፍል ወንዶችም ይህን አይተው ተረብ አበጅተውለታል፤ «ለጋው ለባለ ጋዋኗ፣ ጠውላጋው ለእመት ሙቀት።» ባሏን በምንም አትጠረጥረውም። ይልቅ ብትጠረጥረው ይቀላት ነበር፤ ቢያንስ የሚጣሉበት ነገር ይኖራል።

ከዚያ ወዲህ ዓይኗ ሥራ አገኘ። ሚጡ የምትቀመጥበትን ባለ ጎማ ወንበር አየች፤ እሷ አሥራ አራት ዓመት የቆመችው በእግሯ ነው። ሥራ አስኪያጁ ላቦራቶሪውን አንኳኩቶ ሲገባ አየች፤ በርሜል ክፍሉን ማንም አንኳኩቶ አያውቅም። እሷ ስምንተኛ ክፍል ላይ ደብተሯን ዘግታ ሥራ የገባችው ለማን ነበርና? ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ትላለች በሆዷ። ወዲያው ደግሞ ማን ነከሰሽ ብላ ራሷን ትገሥጻለች። ግሣጼው ግን እስከ ጠዋት አይቆይም። እሑድ እሑድ የሚጡን ጋዋን የምታጥበው እሷ ነበረች፤ ሁለት እሑድ ረሳሁት አለች። በሦስተኛው ሚጡ ምንም ሳትል ራሷ አጠበችው፤ ይሄም አናደዳት።

የብስኩት ፋብሪካ ሰዎች ሁለት ሆነው መጡ። አንዷ መነጽር ያደረገች ዝምተኛ ሴት፣ ሌላው ሁሉን ነገር ማሽተት የሚወድ ወፍራም ሰውዬ። ሚጡ ጋዋኗ እንደ ወረቀት ጠንክሮ፣ የሚወጣውን ዱቄት ሞልታ የምትሰጣቸውን ባዶ የመስታወት ዕቃ አዘጋጅታ ጠበቀቻቸው። እመት ሙቀት በመጀመሪያው በርሜል ላይ ነበረች። ከሁለት ቀን በፊት የእንፋሎቱ መዝጊያ ቫልቭ ውስጥ ያለችው ጎማ እያለቀች መሆኗን አውቃለች፤ ሲዘጋም እንፋሎት ያሾልካል። እናገራለሁ ስትል ሳትናገር ቀርታ ነበር። ያኔ እንኳ ክፋት አልነበረባትም፤ ቅር ስላላት ብቻ ነው።

«አምሳ ስምንት» አለች ሚጡ ቴርሞሜትሩን አይታ። «እትዬ፣ ዝጊው።»

ዘጋችው። ሚጡ ፊቷን ወደ እንግዶቹ መለሰች። አረንጓዴው እስኪወርድ አሥር ደቂቃ ይጠበቃል፤ በዚያ መሃል ማስረዳት ጀመረች። ድምጿ ያምር ነበር። ሥራ አስኪያጁ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ራሱን ይነቀንቃል። ባሏ እንኳ ትራክተሩን አቁሞ በሩ ላይ ተደግፎ ይሰማል።

በርሜሉ ያንጎራጉር ነበር። ከዚያ ድምፁ ወፈረ። እመት ሙቀት የማንንም ቃል ሳትሰማ እሱን ሰማችው። ማጉረምረም ጀመረ። ቀና ብላ ቴርሞሜትሩን ብታይ ስልሳ ስድስት ይላል። ቫልቩን በመፍቻ ጠበቅ ብታደርገው፣ ወይም «ሚጡ፣ ሙቀቱ» ብትል ይበቃ ነበር። ሁለት ቃል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እሷም አፏን ዘግታ፣ እጇን በሽርጧ ጠቅልላ ቆመች። ሰባ ሆነ። ነጩ ከአረንጓዴው ጋር አብሮ ተቋጥሮ አብሮ ወረደ።

ሚጡ ዞር ስትል አሥር ደቂቃው አልቆ ነበርና ጭማቂው ወደ መጥለያው ተለቀቀ፤ ቴርሞሜትሩን ዳግም ያየ የለም። ውሃው ጥርት ብሎ ወደ ሁለተኛው በርሜል ገባ። ሰማንያ ደረሰ። ሰማንያ አምስት። ጥቂት አረፋ ወጣ፣ ሌላ ምንም የለም። ሚጡ ጎንበስ ብላ አየች፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «ትንሽ እንጠብቅ» አለች። ጠበቁ። ወፍራሙ ሰውዬ አሸተተው። ባለ መነጽሯ ሰዓቷን አየች። በትህትና ነው የሄዱት፤ «ሲስተካከል ጥሩን» ብለው።

እመት ሙቀት ደስ አላት። መደበቅ አያስፈልግም፣ ደስ አላት። ደረቷ ላይ ለወራት የተጫነው ድንጋይ የተነሳላት ያህል። ሽርጧን ፈትታ ስትወጣ ግን በላቦራቶሪው መስኮት በኩል ሚጡን አየቻት። ምንም ያልተጨመረበትን የመስታወት ዕቃ በሳሙና ደጋግማ ታጥባለች። ደስታው እዚያው ደርቆ ቀረ። ቢሆንም ገብታ አልተናገረችም።

ሚጡ ዘጠኝ ቀን ስህተቷን ፈለገች። በላቦራቶሪ ትንሿ ድስት ሞከረች፤ ነጩ ይወጣል። ደገመች፤ ይወጣል። በትልቁ በርሜል እንድትሞክር ግን ሥራ አስኪያጁ ከለከለ፤ «ምክንያቱን ሳታገኚ ሁለተኛ ጭማቂ አላስደፋም» አለ። በአሥረኛው ቀን ገበታ ላይ አንዲት ወረቀት አወጣች። የሥራ መልቀቂያ ነበር።

«በድስት የሚሆን በበርሜል እምቢ ካለ፣ አልተረዳሁትም ማለት ነው» አለች። «የማላውቀውን ነገር አውቃለሁ ብዬ ሰው ፊት ቆምኩ።»

ባሏ ወረቀቱን አየ፤ ከዚያ ሚስቱን አያት። «አንቺ እኮ እዚያው ነበርሽ» አላት። «በርሜሉ ምንም አላለሽም?»

እመት ሙቀት በዚህ ምድር ላይ የኔ ነው የምትለው ነገር ቢኖር ያ ጆሮዋ ነው። ባሏ ስለ እሱ ሲጠይቃት የመጀመሪያው ነው። እሷም፣ «አልሰማሁም» አለች።

ባሏ ጉርሻውን አቁሞ ትንሽ አያትና ዓይኑን መለሰ። ሚጡ ግን ክንዷን ያዝ አድርጋ፣ «ምን ትስማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብላ ጠበቃ ቆመችላት። ከዚያ ሁሉ የከበዳት ይሄኛው ነበር።

በማግስቱ፣ ከመጀመሪያው ጭነት በፊት፣ ላቦራቶሪውን አንኳኩታ ገባች።

«ሰምቼ ነበር» አለች ቆማ።

«ምኑን?»

«በርሜሉን። ቫልቩ ያሾልካል፣ ጎማው አልቋል። ከዘጋሁትም በኋላ ሙቀቱ ወጣ። መጀመሪያ ስልሳ ስድስት፣ ቀጥሎ ሰባ።»

የሚጡ ፊት በራ። «ሰባ? ነጩ አብሮ ወርዷላ። ለካ እዚያው ግግሩ ውስጥ ነበር። እትዬ፣ አሠራሩ ልክ ነው ማለት ነው።» እስክሪብቶ አንስታ ሰባ ብላ ጻፈች። ከዚያ እጇ ቆመ። ቀና ሳትል፣ «ቆይ» አለች። «ያኔውኑ ነው የሰማሽው?»

«ያኔውኑ።»

«እና ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ።»

«ለምን?»

እመት ሙቀት በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ብዙ ነበር። ስለ ስምንተኛ ክፍሉ፣ ስለ ጉንጉኑ፣ ስለ ቦይለሩ። ሁሉም ጠፋባት። «ቀንቼ» አለች።

«በኔ?»

«በማን ልቅና ታዲያ፣ በጎረቤት?»

ሚጡ አልሳቀችም። እስክሪብቶውን ከደብተሩ ጎን አስተካክላ አስቀመጠች። «ዘጠኝ ቀን ከግድግዳዬ ወዲያ ተኝተሽ ነበር» አለች። «ስገላበጥ ትሰሚኝ ነበር።» ከዚያ ድምጿ ተለወጠ፤ ለባዕድ ሰው የሚወጣ ድምፅ ሆነ። «ስለ ቫልቩ ለሥራ አስኪያጁ እኔ እነግራቸዋለሁ። እርስዎ ወደ ሥራዎ ይሂዱ።»

እርስዎ። ሃያ ሁለት ዓመት አንቺ ስትላት የኖረች ልጅ። ጥፊ ቢሆን ይሻላት ነበር።

ሚጡ መልቀቂያዋን ቀደደችው፤ ለሥራ አስኪያጁ የተናገረችውም የጎማዋን ነገር ብቻ ነው። እመት ሙቀት ሦስት ቀን ተጠርታ እስክትባረር ጠበቀች፤ የጠራት የለም። በአራተኛው ራሷ ገብታ ሁሉንም ነገረችው። ሰውዬውም፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አላት። ከበርሜሉ አነሳት፤ የመጥለያ ጨርቅ አጣቢ አደረጋት። የመክተፊያ ክፍል ወንዶች፣ «እመት ሙቀት ቀዘቀዘች» እያሉ ሳምንት ሳቁ። ሚጡ ልብሷን በሁለት ሻንጣ አድርጋ ከቤት ወጣች፤ ከፋብሪካው ፊት ለፊት አንድ ክፍል ተከራየች። ሻንጣዎቹን በትራክተር ያደረሰላት ባሏ ነው። ሲመለስ ሚስቱን አልተቆጣትም፤ «አልሰማሁም ስትዪ ነው ያወቅኩብሽ» ብቻ አላት።

እንግዶቹ በሁለተኛው ወር ተመልሰው መጡ። እመት ሙቀት ጓሮ፣ ከገንዳው ላይ ጎንበስ ብላ አረንጓዴ የጠጣ ጨርቅ እየፈተገች ነበር። ከግድግዳው ወዲያ በርሜሉ ሲያንጎራጉር ሰማችው፤ ሳያጉረመርም እንፋሎቱ ተዘጋ። «ጎበዝ» አለች ሳታስበው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጭብጨባ መጣ። ነጩ ወጥቷል። እፎይ አለች፤ ከእፎይታው ሥር ግን ያቺ የታወቀች ቅናት ብቅ አለች። ይሄ ሁሉ ሆኖ እንኳ አልሞተችም። ጨርቁን ጨመቅ አድርጋ አሰጣችው።

ውሉ ተፈረመ፤ የብስኩት ፋብሪካውም በሌላ ከተማ፣ ከማሳ አጠገብ፣ ነጩን ብቻ የሚያወጣ አዲስ ፋብሪካ ሊያቆም ተስማማ። የሚመሠርተውም ሰው ታወቀ፤ ሚጡ። ልትሄድ አንድ ሳምንት ሲቀራት ወደ ጓሮ መጣች። ገንዳው አጠገብ ያለ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች።

«የቦይለሩን ታሪክ አስታወስኩት» አለች። «ስለ ሻዩ፣ ስለ እንቁላሉ ነጭ ያልሽኝን። ረስቼው ነበር፤ እውነቴን ነው። መጽሐፉ ላይ ሳነበው ግን ከየት እንደሆነ እንጃ እንጂ የማውቀው መስሎኝ ነበር።»

አንቺ አለቻት። እመት ሙቀት ልብ ብላለች፤ እንዳይጠፋ ፈርታ ግን ከጨርቁ ላይ ቀና አላለችም።

«አዲሶቹን ሠራተኞች የሚያሠለጥን ሰው ይፈለጋል» ቀጠለች ሚጡ። «ለሦስት ሳምንት። አንቺን ብያለሁ።»

«ይቅር ብለሽኝ ነው?»

«ገና ነው። ግን ከአንቺ የተሻለ በርሜል የሚያውቅ ሰው የለም። ሥራው ደግሞ እኔ ይቅር እስክል አይጠብቅም።»

እመት ሙቀት አብራት ሄደች። ሦስቱን ሳምንት በአንድ ክፍል፣ በሁለት አልጋ አደሩ። የመጀመሪያውን ሳምንት ስለ ሥራ ብቻ ተነጋገሩ። በሁለተኛው ሚጡ ጋዋኗን ስታጥብ እመት ሙቀት ሳትጠየቅ ገብታ እጅጌውን ያዘችላት፤ አልተከለከለችም። በሦስተኛው ስድስቱ ሠልጣኝ ሴቶች ዓይናቸውን ጨፍነው በጆሮ ብቻ አምሳ ስምንትን ከስልሳ አምስት መለየት ቻሉ። ሚጡም ይህን አይታ ለአለቆቿ በጻፈችው ወረቀት ላይ የእህቷን ሙሉ ስም ከነአባቷ አሰፈረች፤ አስፍራም አነበበችላት።

ወረቀቱ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ደርሶ፣ እመት ሙቀት ዛሬ ወደ በርሜሏ ተመልሳለች። መቅናቷን አልተወችም፤ ትቼዋለሁ ብትልም የሚያምናት የለም። ባሏ ገበታ ላይ ሚጡ በስልክ የነገረችውን ሲያወራ፣ እንዲህ አደረገች እንዲያ አለች ሲል፣ እጇን ታነሳና፣ «ቆይ፣ ቀናሁ» ትለዋለች። እሱም ወሬውን ያቋርጥና፣ «እሺ፣ ያንቺስ በርሜል ዛሬ እንዴት ዋለ?» ይላታል። እሷም ትነግረዋለች፤ ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ድረስ።